ጆሮ ያበቀሉት ጠገራዎች

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። ይህን የተናገረ ሰው አባቴን አላወቀውም። የአባቴ ገንዘብ እንኳን በሰማይ፣ ከቤታችን እስከ ነቀምቴ ገበያ ድረስም መንገድ አልነበረውም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ወይ አያት ወይ አጎት፣ አሮጌ ሳንቲም በጨርቅ ጠቅልሎ ከመሬትም ከከብትም አብልጦ የሚወድ። ባለቤቱ ሲሞት ያ ሁሉ ሳንቲም የት ይገባል? ትሉ ይሆናል። መሞቱን መጠበቅ ምን አስፈለገ! የአባቴ ዓይኑ እያየ ነው የሄደው።

አባቴ ኦቦ ዲንሳ በጃንሆይ ዘመን ቡና ነጋዴ ነበር። ጊዳሚና ደምቢዶሎ፣ አንዳንዴም ጋምቤላ ድረስ ወርዶ ሲመለስ፣ ሌላው ነጋዴ ለልጆቹ ልብስ ሲያመጣ እሱ አንድ ያላየነው ሳንቲም ይዞ ይመጣል። ንግሥት የተቀረጸችበት ማርትሬዛው፣ የምኒልክ ብሩ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ሊሬ፣ የሱዳን ቂርሽ፣ የሕንድ ሩፒ፣ ሁሉም አልጋው ሥር በምትቀመጥ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይኖራሉ። እሑድ ከምሳ በኋላ ያወጣቸውና በጋቢው ጫፍ እየወለወለ “ይህቺ የጊዳሚዋ፣ ያቺ የጋምቤላዋ” እያለ ያስተዋውቀናል። እኛ ልጆቹ አምስት ነን። ስማችንን ሲጠራ አንዳችንን ከአንዳችን ይቀላቅላል። የሳንቲሞቹን ግን ተሳስቶ አያውቅም።

እኔ ለአንድ የጊምቢ አስተማሪ ታጨሁ። ሽማግሌዎቹን አስከትላ የመጣችው የሙሽራው አክስት እየበላች እየጠጣች፣ በማር በተለወሰ ድምፅ፣ “ለመሆኑ ሙሽራችን አንገቷ ላይ ምን ታደርጋለች?” ብላ ጠየቀች። እናቴ አዴ ጫልቱ ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግሥቱ ከሳጥኑ ጥቂት ብር ለአንጥረኛ እንዲሰጥ አባቴን ለመነችው።

“ማርትሬዛ ትበሳለች እንዴ ጫልቱ?” አለ ደንግጦ። “ንግሥት እኮ ናት!”

እናቴ ዝም አለች። እናቴ ከተናገረች ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ዝም ካለች ግን ገና መጀመሩ ነው።

የሠርጌ ዕለት ጓዳ ጠርታኝ አንገቴ ላይ ከባድ የብር ድሪ አጠለቀችልኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ሁሉንም አወቅኋቸው፤ አብረን ነዋ ያደግነው! እናቴም የባሏን ቃል አክብራለች፤ አንዷም አልተበሳችም። አንጥረኛው አናታቸው ላይ ትንንሽ ጆሮ አበጅቶ ነው በሰንሰለት ያያያዛቸው።

“ሃርሜ! አባባ ካየ…”

“ቀና በይ” አለች እናቴ። “ድሪ ጎንበስ ላለች አያምርም።”

አባቴ ዳስ መሀል “ሌባ!” ብሎ ቢጮህ፣ ክብር የሚወዱት የጊምቢ ሰዎች ሙሽሪትን ትተው በመጡበት መኪና ይመለሳሉ።

የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ። ከሙሽራው ጋር አባቴ ፊት ተንበረከክን። እጁን ዘርግቶ “ውለዱ፣ ክበዱ!” አለ። ዳሱ “አሜን!” አለ። “እርጁ፣ ሸምግሉ!” “አሜን!” ከዚያ ዓይኑ አንገቴ ላይ ወደቀ። የተዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ።

“ይህቺ… የጊዳሚዋ ናት” አለ በቀጭን ድምፅ።

ከሩቅ ያለ ሰው ምን ይሰማል? ምርቃት ምርቃት ነው። “አሜን!”

“የኔ ናቸው!”

“አሜን!”

“ሁሉም የኔ ናቸው!” ብሎ ጮኸ።

“አሜን! አሜን!” ዳሱ ተናጋ።

ትከሻዬ ይርገፈገፍ ጀመር። ሙሽራው ያለቀስኩ መስሎት እጄን ጨበጠኝ፤ እኔ በሳቅ እየሞትኩ ነው። ይኼኔ የሙሽራው አባት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ተነሡ። “ሰማችሁ? ሁሉም የኔ ናቸው አሉ እኮ! ልጄንም ልጄ ብለውታል! የራሳቸውንም ልጅ በብር አንቆጥቁጠው ሰጡን። ኦቦ ዲንሳ፣ ገለቶማ!” ብለው አመስግነው አባቴን አንገቱን አቅፈው ሳሙት። አባቴ በሰውዬው ትከሻ ላይ አሻግሮ እናቴን ተመለከተ። እናቴ ለእንግዶች ጠጅ እየቀዳች ነበር፤ በጣም ተጠንቅቃ።

ጭፈራው ሲጀመር በሕይወቱ ጨፍሮ የማያውቀው አባቴ ዘሎ መሀል ገባ። ወደ ቀኝ ስዞር ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስዞር ወደ ግራ፤ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል። ሩፒዋ መኖሯን ሊያይ ነው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ “ኦቦ ዲንሳ ለካ እንዲህ ይጨፍራሉ!” ሦስተኛው ዙር ላይ ቀና ብዬ ሳየው ግን አንገቴን ትቶ ፊቴን ያያል። በላብ ተጠምቆ፣ ጋቢው ወድቆ፣ እንደ ልጅ እየሳቀ ከምሩ ይጨፍር ነበር።

በአራተኛው ወር ጊምቢ ብቅ አለ። “የቡና ዋጋ ልጠይቅ ብዬ ነው” አለ፤ ዋጋውን ከሱ በላይ የሚያውቅ ያለ ይመስል። በልቶ ሲያበቃ ጉሮሮውን ጠራርጎ “ያቺ ነገር… ደህና ናት?” አለኝ። ድሪውን አመጣሁለት። እየዳሰሰ አንድ በአንድ ከባሌ ጋር አስተዋወቃቸው። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ ይመጣ ጀመር። ሲሬ ያገባችው እህቴ፣ እሷ ለአባቴ ቤት ቅርብ እያለች፣ “እኔንስ ማን ወለደኝ?” ብላ አኮረፈች።

አንድ ቀን ከመሀረቡ ቋጠሮ አንዲት አይቻት የማላውቃትን ብር ፈታ።

“ለዚህችም ጆሮ አሠሪላት” አለኝ።

“አባባ፣ ሳጥኑ ባዶውን አይደል? እዚያ ብትቀመጥስ?”

በሩን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እናትሽ ሳታገኛት ብዬ፣ እኔው ቀድሜ አመጣኋት።”