ጋሽ ድንበሩ የታጠቁት ነገር

አንድ የኛ ሰው «ትንሽ አሞኝ ነበር» ካላችሁ ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት። ቢያንስ አንድ የሰውነት ክፍሉ ሆስፒታል ቀርቷል ማለት ነው። «ጉንፋን ቢጤ ነው» ካለ ጥቂት ቀን ታገሡትና ሂዱ፤ «ምንም አልሆንኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ካለ ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ብርቱካን ገዝታችሁ ጠይቁት። በሽታ መደበቅ ላይ የሚያህለን ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ደግሞ በሌላው ላይ ስፈርድ ራሴን ነጻ ላወጣ አይደለም፤ የደም ግፊት ኪኒኔን የማስቀምጠው በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። አንድ ቀን አንዱ ወዳጄ «እስቲ አንድ ስጠኝ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ «አልቋል» ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ስስታም መባል ይሻለኛል አልኩ። አያችሁ?

ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ለንደን ውስጥ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞርኩ ሐኪሙ ያለውን ለበሽተኛው፣ በሽተኛው ያለውን ለሐኪሙ አደርሳለሁ። የሰማሁትን እዚያው ትቼ ልወጣ ፈርሜያለሁ። እና ካሌዶኒያን ሮድ ካለው ካፌያችን ስገባ የሚጠብቀኝ ሰላምታ ሁለት ዓይነት ነው። ምስጢሩ እኔ ዘንድ የሌለ ሰው ተነስቶ አቅፎ ይስመኛል፤ ምስጢሩ እኔ ዘንድ ያለው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ የሌለ መልእክት ያነባል። ብዙ መልእክት የሚነበብበት ካፌ ነው።

የዛሬውን ግን ባለቤቱ ራሳቸው ፈቅደውልኛል። «ጻፈው። ስሜን ብቻ ቀይረው፤ ቁመቴንም ትንሽ ጨምርልኝ» ብለውኛል። ስለዚህ ጋሽ ድንበሩ እንበላቸው። ረጅም ሰው ናቸው።

ጋሽ ድንበሩ አዲስ አበባ ሳሉ የባለሥልጣን አጃቢ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከኮታቸው ሥር ሽጉጥ ሳይለያቸው ኖረዋል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ ያ ሁሉ ነገር ሲሆን፣ አንድ ቀን ጠዋት ሽጉጡን ከነጥይት ካርታው አስረክበው ወጡ። ለምን ብላችሁ ብትጠይቋቸው «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ከማለት ሌላ አይጨምሩም፤ እኔም አልጨመርኩም። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈው ነበርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ሜሮንን ይዘው ለንደን ገቡ። ለብቻቸው አሳደጓት። ሹሩባ መሥራት እንኳ ስትሪትሃም ካለ ጸጉር ቤት ቆመው እያዩ ነው የተማሩት። ያ ሽጉጥ የኖረበት እጅ የልጅ ጸጉር ሲጎነጉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጥሩ አድርጎ ነበር የሚጎነጉነው።

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ አንጀታቸው ታመመ። ኦፕሬሽን ተደረጉ። የታመመው ተቆርጦ ወጣ፤ የቀረው አንጀት ጫፍ ደግሞ በሆዳቸው በግራ በኩል በተከፈተች ቀዳዳ ብቅ እንዲል ተደረገና የፕላስቲክ ከረጢት ተለጠፈበት። ከእንግዲህ ዓይነ ምድራቸው የሚወርደው እዚያ ከረጢት ውስጥ ነው። ጊዜው ሆስፒታል ጠያቂ የማይገባበት ስለነበር ሜሮን አላየቻቸውም። ያኔ እሷም አግብታ ነፍሰ ጡር ነበረች። «ትርፍ አንጀት ነው፣ አታስቢ» አሏት በስልክ። ዋሹ ስላቸው እስከ ዛሬ አይቀበሉኝም። «አንጀትነቱን አልካድኩም» ይላሉ።

እኔ በጉዳዩ የገባሁት ከረጢት እንዲመርጡ ቀጠሮ በተሰጣቸው ቀን ነው። ነርሷ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓይነት አስቀመጠች። አንዱ ቀጭንና ትንሽ፣ ሌላው ሰፋ ወፈር ያለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው አንዲት ቃል ያልወጣቸው ሰውዬ ቀና አሉ። ፊታቸው በራ።

«ይህንንማ እኔ ነኝ የምነግራት» አሉኝ። «ቀጭን ሽጉጥ ለመደበቅ አንደኛ ነው። ከወገብህ ጋር አንድ ይሆናል፤ በሸሚዝ ሥር እንኳ አይታወቅም። ግን የሚይዘው ጥይት ጥቂት ነው፤ እጀታውም ስለሚያንስ ሲተኮስ እጅ ውስጥ ይራገጣል። ወፍራሙ ካርታው ድርብ ነው፤ እጅ ሞልቶ ይያዛል፣ በችግር ቀን አያሳፍርህም። ምን ያደርጋል፣ ጎንህን ያሳብጠዋል! ኮትህን ሰፋ አድርገህ ካላሰፋህ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያውቅብሃል። አጃቢ ደግሞ ከታወቀበት አለቀለት። ስለዚህ ቀጭኑን በላት።»

ነርሷ ፈገግ ብላ ትጠብቀኛለች። እስቲ በሞቴ፣ እናንተ ብትሆኑ ይህን ለንደን ሆስፒታል ውስጥ ምን ብላችሁ ትተረጉሙታላችሁ? የሙያው ደንብ የተባለውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ አድርስ ይላል። ደንቡን ያወጣው ሰው ግን ጋሽ ድንበሩን አያውቃቸውም። «በጉዳዩ የሥራ ልምድ አላቸው፤ ቀጭኑን መርጠዋል» አልኳት።

«ቀጭኑ ቶሎ ይሞላል» አለች። «በየሰዓቱ እየተነሱ ማራገፍ ይኖርብዎታል። ሰፊውን ቢያደርጉ ግን ረጅም ጊዜ ሳይነሱ መቀመጥ ይችላሉ።»

«መቀመጡን ማን ፈለገው» አሉ። ለማንኛውም ብላ ከሁለቱም ሰጠቻቸው።

ወደ ካፌው ተመለሱ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ለመጸዳጃ ቤቱ ቅርብ የሆነችውን ወንበር ያዙ። ግራ እጃቸው ከጎናቸው አይርቅም። በየሰዓቱ ድንገት ብድግ ይሉና ይጠፋሉ፤ ሲመለሱ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ዙሪያቸውን ቃኝተው ይቀመጣሉ። የቀድሞ ሥራቸውን የማያውቅ ሰው የለም። ሁለት ሳምንት አልፈጀም፤ ጋሽ ድንበሩ ሽጉጥ ታጥቀዋል ተባለ።

በዚህ አገር ሽጉጥ ይዞ የተገኘ ሰው ዕድሜውን እስር ቤት እንደሚጨርስ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ያ ማንንም አላሳሰበም። ክርክሩ ሌላ ነበር። ቀጭኑን ነው የታጠቁት ወይስ ወፍራሙን? ካፌያችን ከዚያ ምርጫ ወዲህ ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ መስኮቱ ጋ፣ ሌላው ፍሪጁ ጋ ይቀመጣል፤ ስኳር እንኳ አይዋዋሱም። ለዚህ ጉዳይ ግን ወንበር ተሳስበው ተወያዩ። ከፍሪጁ ወገን ወታደር ነበርኩ የሚል አንድ ሰው «እንዲህ ባለ ኮት ሥር ወፍራሙ ቢሆን ጉብ ይል ነበር። ቀጭኑ ነው» ብሎ ሲፈርድ፣ መስኮቱ ጋ ያሉት አንድም ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። እነዚያ ሰዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የተስማሙበትም ነገር ውሸት ነበር።

ጋሽ ድንበሩ ሰምተዋል። ይከፋቸዋል ብዬ ስፈራ ጭራሽ ደስ አላቸው። ሽጉጥ አልይዝም ብለው አገር የለቀቁ ሰውዬ፣ ሽጉጥ ይዘዋል ሲባሉ ጀርባቸው ቀና አለ። ካፌው በር ላይ ሰው ገለል ብሎ ያሳልፋቸው ጀመር። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ነገሩ አስቆኝ ነበር። ሜሮን እስክትደውልልኝ ድረስ።

ሜሮን የምትኖረው ሰቨን ሲስተርስ ነው። ባሏ ያሲን እዚሁ ያደገ የኛው ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው። ጋሽ ድንበሩ መጀመሪያ ላይ አኩርፈው ነበር፤ ኋላ ግን ኒካው ላይ ተገኝተው መርቀዋቸዋል። ልጅ ወለዱና ሊያ አሏት፤ የሁለቱም ወገን ዘመድ ሳይቸገር የሚጠራው ስም ነው። አያት በየእሁዱ ይሄዳሉ። ከበሩ ራቅ ሳይሉ ሃያ ደቂቃ ተቀምጠው ይነሳሉ። «እቀፋት እንጂ አባዬ» ስትላቸው «ጉንፋን ይዞኛል» ይላሉ። ሦስት ወር ሙሉ ጉንፋን!

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በርበሬ ከምንገዛበት ሱቅ ደጃፍ ተገናኘን። ሊያ በጋሪዋ ተኝታለች። የሜሮን አማርኛ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሲከፋት ደግሞ ካለውም ግማሹ ይጠፋል።

«ጋሼ፣ አንተ ሁልጊዜ አብረኸው ነህ። እውነቱን ንገረኝ። አባዬ ገን ይዟል ይላሉ። ሲሪየስሊ፣ ገን! እኔ ቤት ይዞት ነው የሚመጣው? ያሲንን ስለማይወደው ነው? ለዚህ ነው ልጄን የማያቅፋት?»

በጭራሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። «ታዲያ ጎኑ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብትለኝስ? ፈርሜያለሁ። ከፊርማው በላይ ደግሞ ለሰውዬው ቃሌን ሰጥቻለሁ። «አባትሽን ጠይቂው» አልኳት። ካሉት መልሶች ሁሉ የከፋው ይህ ነበር፤ ከአፌ ሳይወጣ አውቄዋለሁ።

«ኦኬ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሪስክ ማድረግ አልችልም ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ቤቢ አለ። ነገ ይምጣና ይንገረኝ። ካልነገረኝ ሁለተኛ አይምጣ።»

ከዚያው በቀጥታ ወደ ጋሽ ድንበሩ ቤት ሄድኩ። ልጅዎ ሽጉጥ ይዘዋል ብላ ፈርታለች አልኳቸው።

«ትፍራ» አሉኝ። «ሽጉጥ የያዘ ሰው ይፈራል። ዓይነ ምድሩን ጎኑ ላይ ተሸክሞ የሚዞርን ሰው ማን ይፈራዋል? ይጠየፉታል እንጂ።»

ተናደድኩ። በታላቅ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮህኩ። «እንግዲያው ነገ የመጨረሻዎ ነው! ካልነገረኝ ሁለተኛ አይምጣ ብላለች። ሽጉጥዎን ታቅፈው እዚሁ ይቀመጡ!»

«አይምጣ አለች?»

«ብላለች።»

ወንበር ላይ ተቀመጡ። አለቀሱ። እኔም ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «የመጀመሪያው ቀን» አሉ ቆይተው፣ «ሊያን ልቀበላት እጄን ዘርግቼ ነበር። ከዚያ ከረጢቱን ብትረግጠውስ አልኩ። ቢፈነዳስ? ያ ልጅ የሚሰግድበት ምንጣፍ እዚያው ሶፋው ሥር ተነጥፏል። በንጹሕ ምንጣፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ላፍስስበት? እጄን መለስኩ። ሜሮን አይታኛለች፤ ምን ብላ እንደተረጎመችው አሁን ገባኝ።»

ያሲንን ጠልተው ነው የተባሉት ሰውዬ ሦስት ወር ሙሉ ሲያስቡ የኖሩት ስለ ያሲን ምንጣፍ ነበር። ይህን የት ወስጄ ልተርጉመው?

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ሜሮን እጇን አጣምራ ቆማለች። ያሲን ሊያን ታቅፎ ከጓዳው በር ላይ ቀርቷል፤ እንዲርቅ የነገረችው እሷ መሆኗ ያስታውቃል። ጋሽ ድንበሩ ሰላምታም አላስቀደሙም። ኮታቸውን አወለቁ። ከዚያ ሸሚዛቸውን በሁለት እጃቸው ገለጡት።

«ይኸው የታጠቅሁት» አሉ። «ካንሰር ነበር። አውጥተውታል። ከእንግዲህ በዚህ ነው የምኖረው።»

ካንሰር የሚለውን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሳይቀር «ያ ነገር» ነው የሚሉት፤ እኔ ነበርኩ ስሙን እየጠራሁ የማስተረጉምላቸው።

ሜሮን ከረጢቱን አየችው። ከዚያ ጮኸች። «ብቻህን? አባዬ፣ ብቻህን? ትርፍ አንጀት ነው አላልከኝም? እኔ እኮ ፊኛ የተሳለበት ካርድ ላክሁልህ!» ደረታቸውን በጡጫ መታቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ እዚያው የመታችው ቦታ ላይ ጭንቅላቷን ደፍታ አለቀሰች። ጋሽ ድንበሩ ሸሚዙን እንደገለጡ በአንድ እጃቸው ጸጉሯን ያሻሹ ጀመር።

ዓይናቸው ግን ያሲን ላይ ነበር። «ምንጣፍህን እንዳላበላሽብህ ብዬ ነው ልጄ» አሉት። «ሌላ አይደለም።»

ያሲን ምንጣፉን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። «ምንጣፍ ይታጠባል፣ አባባ» አለ። ክንዳቸውን ይዞ ሶፋው ላይ አስቀመጣቸውና ሊያን አምጥቶ ጭናቸው ላይ አኖራት።

ልጅ መቼም ቦታ አይመርጥም። ተገላበጠችና በግራ በኩል፣ ልክ እዚያው ላይ ጉንጯን አስደግፋ ተኛች። ጋሽ ድንበሩ እንደ ሐውልት ደረቁ። ሻይ ቀረበ፤ አልነኩም። ሜሮን ምሳ ልስጥህ አለቻቸው፤ በዓይናቸው እንቢ አሉ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት አለፈ። ተቁነጠነጥኩ። ሁለተኛው ሲጋመስ አላስችል አለኝና በጆሯቸው «ጋሽ ድንበሩ፣ ሰዓቱ እኮ አልፏል። እስቲ እኔ ልያዝልዎት፣ ይነሱ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ሳያንቀሳቅሱ በከንፈራቸው ብቻ መለሱልኝ።

«ዛሬ ወፍራሙን ነው ያደረግሁት። ዝም በል፣ ተኝታለች።»