የወደቀበት ይጠጣ

ትግል ሲያይ አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሞጣ ሳስተምር ባልደረባዬ የነበረው ደምሴ እንዲያ ነበር። በደርግ መጨረሻ ገደማ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጠጅ ቤት ተሰብስበን የፈረንጅ ትግል በቪዲዮ እናያለን። ደንባችን አጭር ነው፤ የመረጠው ታጋይ የወደቀበት ሰው አንድ ብርሌ ጠጅ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣል።

ደምሴ ወንበር ላይ ወጥቶ «ታጋዩ አሸነፈ! ታጋዩ አሸነፈ!» እያለ ሰፈሩን አናጋው። ያን ጊዜ ደግሞ ታጋይ የሚባለው ጫካ የገባው አማፂ ነው! ወዲያው የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ካነገተ ጥበቃ ጋር በሩ ላይ ቆሙ።

«የቱ ታጋይ ነው ያሸነፈው?»

በጣቴ ቴሌቪዥኑን አሳየሁ። ሊቀመንበሩ ትንሽ አዩና ፈገግ ብለው ተቀመጡ፤ ደንቡን ጠይቀው መላጣውን ታጋይ መረጡ። ምን ዋጋ አለው! መላጣው ወዲያው በጀርባው ተዘረረ። «ወደቀ» የሚል ግን ጠፋ። ሊቀመንበሩ ተሸነፉ ብሎ ማን ደፍሮ ይመስክር?

«ታጋይዎ እንኳ አልወደቁም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ደምሴ ላብ እያጠመቀው፣ ለፈረንጁ ሳይቀር አንቱታ ጨምሮ። «ትንሽ ጋደም ብለው ነው።»

ሊቀመንበሩ ጠጁን አዩ፤ እኛን አዩ።

«ወድቋል እንጂ! ምነው ሰዎች፣ በጥም ልትገድሉኝ ነው እንዴ?»

ብርሌውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡ። አፋቸውን ጠርገውም ለሚቀጥለው ግጥሚያ ያንኑ መላጣ መረጡ።