የስእለት ሳህን

እኛ ሰዎች ይቅር የማንለው ነገር ጥቂት ነው። ሰክሮ የሰደበንን «መጠጡ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሠርጋችን ላይ ሳይመጣ የቀረውን «መንገድ ይዞት ይሆናል» እንለዋለን። ሚስቱን ትቶ የሄደውን እንኳ ዓመት ሁለት ዓመት ካማነው በኋላ፣ እህል ውሃቸው አልቆ ነው ብለን እንተወዋለን። ለብቻው የሚበላን ሰው ግን አንምረውም። መተማን ተሻግረን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ግማሽ ዕድሜያችንን ጨርሰን፣ አረብኛው የአማርኛችንን እኩሌታ ከወሰደው በኋላ እንኳ ይህች ሕግ አልተነካችም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላል የአገሬ ሰው። ማስፈራሪያ ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን ሞክሬው አይቻለሁ። ልሞት ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ያውም በበሽታው አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ከሱቄ በስተቀኝ አያ አዳነ አለ፤ ልብስ ሰፊ ነው፤ ድሮ ወታደር ስለነበር መቀሱንና ክሩን እንኳ አሰልፎ ነው የሚያስቀምጠው። በስተግራ ሐጅ ሰይድ ቅመም ይሸጣሉ፤ በድርቁ ዘመን ከወሎ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሦስታችንም ወደ ሱዳን የገባነው በአንድ ዘመን ነው፤ መጀመሪያ የኖርነውም በአንድ የስደተኛ መጠለያ፣ ድንኳን ለድንኳን እየተያየን ነው። ረፋድ ላይ የአገሩ ሰው «ፉጡር» የሚለው የምግብ ሰዓት ሲደርስ ሥራ ይቆማል። ፉሉ በጠርሙስ ቂጥ ተደፍጥጦ፣ የሰሊጥ ዘይት ፈስሶበት፣ ሽንኩርት ተበትኖበት በትሪ ይመጣል። አያ አዳነ በጆግ ውሃ ያስታጥበናል፤ በሳሙና ያልታጠበ ሰው ወደ ትሪው አይጠጋም። ሐጅ «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ እኛ እናማትባለን፣ ፉሉም ሁለቱንም ጸሎት ሰምቶ ያልቃል።

ታዲያ አንድ ክረምት ድካም ያዘኝ። ገዳሪፍ ውስጥ የደከመው ሰው ሁሉ ወባ ይዞታል፤ ወባ ካልያዘው ደግሞ የባለፈው ወባ ትራፊ ነው። የወባ ክኒን ዋጥኩ፤ ደገምኩ። ድካሙ ግን ቤቱን የሠራ ይመስል አልነቃነቅ አለ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሱዳናዊ ሐኪም ደሜን አስመረመረና «ጉበትህ ላይ ሄፓታይተስ ሲ የሚባል ቫይረስ አለ» አለኝ። ሌላም ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። እኔ ግን «ጉበት» የምትለዋን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ሐኪሙ ሳይጨርስ እኔ ጨረስኩለት።

የሚለኝን የማውቅ መስሎኝ ነዋ። እኛ አገር የጉበትን ሕመም የማያውቅ ማን አለ? የወፍ በሽታ ነው። የሌሊት ወፍ በላይህ ታልፋለች፣ ዓይንህ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ሰው ይሸሽሃል። በልጅነቴ አርማጭሆ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎረቤት ነበረን። የሱ ዋንጫ ለብቻዋ ምሰሶ ላይ ተሰቅላ ትኖር ነበር። ድግስ ሲጠራ ዋንጫዋን ይዞ ይመጣል፣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ አሳላፊው ራቅ ብሎ እጁን ዘርግቶ ይቀዳለታል። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ለየልጁ ይፈራ ነበር። ሰውየው ሲሞት ዋንጫዋን የሚያወርዳት ጠፍቶ እዚያው ምሰሶው ላይ ቀረች። ከሐኪም ቤት በሪክሻ፣ በባጃጅ መሆኑ ነው፣ ስመለስ የማስበው ስለ ጉበቴ አልነበረም፤ ስለዚያች ዋንጫ ነበር።

በማግስቱ ፉጡር ሲመጣ ከቤት ያመጣኋትን ትንሽ ሳህን አወጣሁና «እናንተ ብሉ፤ ስእለት አለብኝ፤ ለጊዜው ለብቻዬ ነው የምበላው» አልኩ። ይህን ውሸት የመረጥኩት አስቤበት ነው። ጨጓራ ብል ሁሉም መድኃኒት ያዝልኛል፤ ጾም እንዳልል ፉል ራሱ የጾም ምግብ ነው። ስእለት ግን አይጠየቅም። ለማን ተሳልክ፣ ስለምን ተሳልክ የሚል ባለጌ ብቻ ነው። ሐጅ ሰይድ «አላህ ይቀበልህ» አሉኝ። አያ አዳነም ለብቻዬ ውሃ አፈሰሰልኝ።

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ ግን እያደር ከበደ። አንደኛ ነገር፣ ስእለተኛ ከሆንኩ ወዲህ ክብሬ ጨመረ። ሞባይል ልታሠራ የመጣች ሴት፣ ወንድ ልጇ በሊቢያ መንገድ ድምፁ እንደጠፋ ነገረችኝና «በስእለትህ አስበኝ» አለች። ልጁ በዚያው ሰሞን ደወለ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሞባይሉ ሳይበላሽም ይመጣ ጀመር። እኔ ውሸታሙ ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በፉል እታነቃለሁ። ከኋላዬ ሐጅ ቀልድ ይጀምራሉ፣ አያ አዳነ ይስቃል። ቀልዱ ከትሪው ተነሥቶ እኔ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዟል። ፉል ለብቻ ሲበላ ጣዕም እንደሌለው እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

ቤት ደግሞ ይብሳል። ትንሿ ልጄ ጉርሻ ስትጠብቅ እጄን እሰበስባለሁ። ሚስቴ ትርንጎ አየችኝ፣ አየችኝና አንድ ቀን ኩባያዬን ለብቻው አጥቤ አልጋ ሥር ስሸጉጥ ያዘችኝ።

«ስእለትህ ኩባያ ያስደብቃል እንዴ?»

ነገርኳት። የጎረቤታችንን ዋንጫ ሳይቀር ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ሐኪሙስ ምን አለ?» አለች።

«ጉበት አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወጣሁ።»

ትርንጎ ነጠላዋን አነሣች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተህ አታውቅም? ተነሥ» አለች።

ሐኪሙ አልረሳኝም፤ «የሮጥከው አንተ ነህ?» ብሎ ሳቀ። የትርንጎ አረብኛ ከኔ ይሻላል፤ ያስተማራት ገበያ ነውና ዋጋ እንደሚከራከር ሰው ነው የምትጠይቀው። በምግብ ይተላለፋል? በኩባያ? አብሮ በመብላት? ልጅ በማቀፍ? ሐኪሙ እጁን እያወናጨፈ «ላ፣ ላ፣ ላ» አላት። የሚተላለፈው በደም ነው፤ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ አትጋሩ፣ የቀረውን አብራችሁ ብሉ፣ ጠጡ አለን። እዚያው ወንበሩ ላይ እንባዬ መጣ። ለጉበቴ አልነበረም፤ ለፉሉ ነው።

«ታዲያ ከየት ያዘኝ?» አልኩ።

«እርግጡን ማወቅ ያስቸግራል። ንጹሕ ባልሆነ መርፌ ተወግተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

እኔና ትርንጎ ተያየን። በመጠለያው ድሬሰር ነበረን፤ የኛው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው፣ ከድንኳን ድንኳን እየዞረ የሚወጋን። አንዲት መርፌ ነበረችው፤ እንጨት ሲገኝ በጣሳ ይቀቅላታል፣ እንጨት ሲጠፋ ይጠርጋታል። እሱን ብቻ አልወቅስም። ክኒን የሰጠን ቀን እናኮርፈው ነበር። ያልወጋ ሐኪም ምኑን ሐኪም ሆነ? በሰልፍ፣ ተጋፍተን፣ «እኔን አስቀድመኝ» እያልን ነው የተወጋነው።

ትርንጎና ልጄ ተመርምረው ነጻ ሆኑ። ያን ቀን ሐኪሙን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ለኔም መድኃኒት እንዳለው ነገረኝ፤ በቀን አንድ ክኒን፣ ለሦስት ወር። «መርፌስ?» አልኩት። «መርፌ የለውም» አለ። ልነግራችሁ አፍራለሁ፤ ቅር አለኝ።

በነጋታው ትንሿን ሳህን ቤት ትቼ መጣሁ። ፉጡር ሲደርስ፣ አያ አዳነ ጆጉን እንዳነሣ፣ ሳልታጠብ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስእለት እንደሌለብኝ፣ በሽታዬን፣ በደምና ባልጸዳ መርፌ እንጂ በምግብ እንደማይተላለፍ። ሐጅ ሰይድ «ማን ነው የወጋህ?» አሉ።

«የመጠለያው ድሬሰር ሳይሆን አይቀርም።»

ሐጅ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ተመለከቱ። አያ አዳነም የራሱን ተመለከተ። የጆጉ ውሃ ጫማው ላይ እየፈሰሰ ነበር። ያን ዕለት ፉሉ ሳይነካ ተመለሰ።

በማግስቱ ስመጣ የሁለቱም ሱቅ ዝግ ነው። ይኸው ሸሹኝ አልኩ፤ እንግዲህ የኔም ዋንጫ ምሰሶ ላይ ወጣች። ሰው የሰጠኝን ሞባይል ከፍቼ ብሎኑን እያየሁ ተቀመጥኩ። ቀትር ላይ ሪክሻ ቆመና ሁለቱ ወረዱ። የሁለቱም ክንድ ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ሸሽተዋል ለካ፤ የሸሹት ግን ወደ ላቦራቶሪ ነው። «ወረፋው ሳይበዛ ብለን ነው፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው፤ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የጠቆርከው?» አሉኝ ሐጅ። ፉል አዘዙ። ከአንድ ትሪ በላን፤ እኔ ለራሴ የሦስት ሰው በላሁ።

ውጤት የሚወሰድበት ቀን ሐጅ ሰይድ እየሮጡ ነው የመጡት፤ ነጻ ናቸው። ለመንደሩ ሁሉ ተምር አደሉ። አያ አዳነን ስጠይቀው «የኔ ገና ነው» ብሎ መርፌው ላይ ክር ማስገባቱን ቀጠለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እንደ ልማዱ ጆጉን ይዞ አስታጠበን። ከዚያ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ትንሽ ሳህን አወጣ። ከትሪው ጥቂት ጨለፈ፣ ዳቦ ቆረሰ፣ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«እናንተ ብሉ» አለ፣ ፊቱን ሳያሳየን። «ስእለት አለብኝ።»

በምግብ እንደማይተላለፍ ከኔ ሰምቷል። አምኖም ከኔ ጋር በልቷል። ሰው ግን ስለ ሌላው የሚያምነውን ስለ ራሱ አያምንም። ሐጅ ሰይድ እኔን አዩ። ተነሣሁ። የአያ አዳነን ዕቃ ሳያስፈቅድ የሚነካ ሰው በዚህ ገበያ የለም፤ እኔ ግን ሳህኑን ከእጁ ወስጄ ትሪው ላይ ገለበጥኩት።

«አያ አዳነ» አልኩት፣ «ያ ስእለት ገብቷል። እኔ አስገብቼዋለሁ።»

ቀስ ብሎ ወንበሩን አዞረ። ሐጅ «ቢስሚላህ» አሉ፤ እኛም አማተብን።

አሁን ሁለታችንም ክኒኑን ጨርሰናል፤ ቫይረሱም ከደማችን ጠፍቷል። አያ አዳነ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቅሬታ አለው። በመርፌ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይለቀን ነበር ይላል።