ጋሼ ይሻውና የኋላው ሞላ

ጋሼ ይሻው በየማለዳው ከግቢያቸው ሲወጡ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ካገኙ፣ ጥጉን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ይለቁታል። አንዴ ከፍ ብሎ ከረጋ አመስግነው ያልፋሉ። ደጋግሞ ከተወዛወዘ ግን ባለቤቱን ያስጠራሉ። "ሾክ አብዞርበርህ አልቋል፤ እግዜር ያጽናህ!"

መኪናውን ለጋራዥ አሳልፎ የማይሰጥ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛ የደብረ ታቦሮቹ ክቡር ጋሼ ይሻው ደግሞ የሁሉም አለቃ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ሲሆኑ፣ መኪናቸው በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። "እጅ አለኝ፣ ቁልፍ አለኝ፤ ጋራዥ ለምኔ?" ይላሉ።

እናቴ ባሕር ዳር ጀርባዋን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሙ "ተኝታ ትሂድ፤ እንዳትንገጫገጭ ብቻ" አለ። አስፋልቱስ ግድ የለም፤ የሚያስፈራው ከአስፋልቱ ወጥቶ በጋፋት በኩል ቤታችን የሚያደርሰው ድንጋያማ መንገድ ነው። በመኪናቸው እንዲያመጡልን ጋሼ ይሻውን ልለምናቸው ሄድሁ።

"መቼ ትወጣለች?" አሉኝ።

"ዓርብ።"

"እንግዲያው አልጋ ሥር ያስቀመጥሁት አዲሱ ሞላና ሾክ ዛሬ ይገባል።"

ተጨምቆ የተያዘ ሞላ ካመለጠ ሰው ይጎዳልና ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ከግቢ ተባረሩ። ጋሼ ይሻው ቡሎኖቹን አሮጌ ምንጣፍ ላይ በተራ ደረደሩ፤ መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ በግንድ ደግፈው ከሥሯ ገቡ። የሚታየን ጫማቸው ብቻ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ከሥር ሳያቋርጥ ይመጣል።

ረቡዕ ከሰዓት ሥራው አለቀ ተባለ። ምንጣፉ ላይ ግን እንደ ቀለበት ያለች አንዲት ትንሽ ክብ ጎማ ተርፋለች።

"ፋብሪካው ለመጠባበቂያ የጨመራት ናት" አሉ።

ባለቤታቸው እትዬ እመቤት አንስተው አገላበጧት። "አንተ ሰውዬ፣ ፋብሪካ ላንተ ብቻ ምርቃት ይሰጣል?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሙግቱ እስከ እሑድ ይዘልቅ ነበር። ያን ዕለት ጋሼ ይሻው ቀና ብለው እኔን አዩኝና ክሪኩን መልሰው አስገቡ። ለካ ከሞላው ራስ ላይ ተቀምጣ ንዝረቱን የምትቀበለው እሷ ኖራለች።

ዓርብ እናቴን አመጣናት። ከአስፋልቱ ስንወጣ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ቤታችን በር ላይ ስንቆም፣ "ድንጋዩ መቼ ነው የሚጀምረው?" አለች።

ስለ እሳቸው ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው ደስ አላቸው። "እንደፈለግሽ ሳቂብኝ፤ የሐሙሱን ብቻ ተይው፣ ልጄ" አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት በአጥራችን ቀዳዳ ያየሁት ይህን ነው፦ እትዬ እመቤት መሪ ይዘው በዚያ ድንጋይ ላይ አራት ጊዜ ተመላለሱ። ጋሼ ይሻው፣ ረጅም እግራቸው በመስኮት ወጥቶ፣ እናቴ በምትተኛበት ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተው ነበር።