እጅ ሳይነካካ የታሰረው ኒካህ

ጥንቃቄ ደግ ነገር ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። እኔን ሁልጊዜ የሚቸግረኝ ልኩ ነው። ጨው ቢሆን ቀምሳችሁ ትተዉታላችሁ፣ አቡጀዲ ቢሆን በክንድ ትለኩታላችሁ። ጥንቃቄ ግን ሲያንስ ትታመማላችሁ፣ ሲበዛ ሰው ይቀየማችኋል፣ መሃሉ የት ላይ እንደሆነ ደግሞ የሚያሳያችሁ አይገኝም። ከበሽታና ከሰው ቅያሜ የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ለእኔ ቢጤው የይፋት ቆለኛ መልሱ እንዲህ በቀላሉ አይመጣም። በሽታ ወይ ይገድላችኋል ወይ ይለቃችኋል። የተቀየመ ዘመድ ግን ሁለቱንም አያደርግም።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው በከንቱ እንዳይመስላችሁ። እኔ ያገባሁት በተስቦ ወቅት ነው፣ ያውም በጣሊያን ጊዜ። ያኔ ያደረግነው ጥንቃቄ ጠቅሞን ይሁን ጎድቶን እስከ ዛሬ አስባለሁ፣ አስቤም አይገባኝም። እስቲ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

ጣሊያን ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት መንገድ ሲያወርድ የቀን ሠራተኛ ከየአገሩ ሰበሰበ፤ ከሠራተኛው ጋር ተስቦም አብሮ ወረደ። ያን ጊዜ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ዘሀራ የምትባል ልጅ ታጭታልኝ፣ የሰርጉ ቀን ተቆርጦ፣ ወይፈኑ ደጅ ታስሮ ነበር። ያሳደጉኝ አጎቴ እንድሪስ ናቸው። አባቴ ሳላውቀው ስለሞተ አባት ስል ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰርጌን ከእኔ ይልቅ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ ብል ማጋነን አይደለም። እና ልክ ድግሱ ሲቃረብ ተስቦ ጣላቸው። በአገራችን ደንብ ከማሽላው ማሳ ዳር ጎጆ ተቀለሰላቸውና፣ በሽታው አንዴ ይዞ የለቀቀው አንድ ጎረቤት ብቻ እየገባ ያስታምማቸው ጀመር።

በዚያው ሰሞን ከመንገድ ሥራው ሰፈር አንድ ጣሊያን ሐኪም አስተርጓሚ አስከትሎ መጣ። የሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች፣ ሸህ ይማም ከፊት ሆነው፣ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሐኪሙ ወደ ሽርጣችን፣ ወደ ኩታችን፣ ወደ ጸጉራችን እየጠቆመ ረዥም ንግግር አደረገ። አስተርጓሚው የደጋ ልጅ ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ አንዴ ሐኪሙን አንዴ የሸሁን ጢም አየና፣

«አትነካኩ ነው የሚለው» አለ።

ያ ሁሉ ንግግር እንዴት በአንድ ቃል አለቀ ብሎ የጠየቀ የለም። ጣሊያን ሲናገር መቼ አጭር ያውቃል ብለን አለፍነው።

አትነካኩ ማለት ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ ሰላምታ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ስሞ ነው። ገሚሱ «ሰርጉ ይቅር» አለ። ገሚሱ «ዳስ ተጥሎ፣ ዘመድ ተጠርቶ እንዴት ይቀራል?» አለ። በመጨረሻ ሸህ ይማም «ሰርጉ ይሁን፣ መነካካቱ ይቅር» ብለው ፈረዱ። ሰላምታ እጅን ደረት ላይ አድርጎ እንዲሆን፣ ምግቡም በአንድ ገበታ መሆኑ ቀርቶ ለየሰው በየጣባው እንዲቀርብ ተባለ። ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ፤ ሙሽራን መቼ ይጠይቁታል።

ወደ ሙሽራዋ ቤት በምንሄድበት ጠዋት አጎቴን ልሰናበት ሄጄ ከጎጆው ራቅ ብዬ ቆምኩ። እንደ ደንቡ እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው ሊመርቁኝ ይገባ ነበር። ከበሩ ብቅ ብለው እጃቸውን ዘረጉና፣ እንደማይደርሱብኝ ሲያዩ መልሰው አጠፉት። ከዚያ ሲንቀጠቀጡ የከረሙበትን ኩታ ከላያቸው ገፈፉና ለአስታማሚው ሰጡት።

«እኔን ከልክላችሁኛል፤ እሺ» አሉ። «ኩታዬ ግን ልጄ ኒካህ ላይ ይቁምልኝ።»

ለበስኩት። ሚዜዎቼም ሽማግሌዎቹም አዩ፤ ተው ያለኝ ግን የለም። የተከለከለው እጅ ነው፣ ስለ ኩታ ማን ምን አለ? ሰውየው ቀሩ፣ ኩታቸው ሰርግ ሄደ።

ዳሱ ውስጥ ጥንቃቄያችንን ብታዩ ጉድ ትሉ ነበር። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ደረቱን ይዞ ከሩቅ ጎንበስ ይልና፣ ከዚያ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ይቀመጣል። ያን መነካካት ብሎ የቆጠረው የለም። ጓዳ ያሉት ሴቶችማ ጭራሽ ወሬውን ያልሰሙ ይመስል ሲሳሳሙ ዋሉ። እኔ መሃል ላይ ተቀምጬ የቱ እንደተፈቀደ የቱ እንደተከለከለ ጠፍቶብኝ ዓይኔን አንከራትታለሁ።

ኒካሁ ላይ ሲደረስ ነገር ተበላሸ። አማቴ፣ የዘሀራ አባት፣ እንደ ልማዱ እጄን ይዘው ቃል ሊሰጡ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሸህ ይማም ከለከሉ።

«ሸሪዓው የሚፈልገው ቃላችሁን ነው፤ እጅ መያያዙ የአገር ልማድ ነው» አሏቸው።

አማቴ የግመል ነጋዴ ናቸው። «ሸህ ይማም፣ እኔ ግመል እንኳ የገዢውን እጅ ሳልይዝ ሸጬ አላውቅም። ልጄን እንዲሁ በአየር አልሰጥም። እጄን ካልያዘ ትቀመጥልኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዘሀራ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ ስትተነፍስ የምሰማት ይመስለኛል። እጄን ብሰጥ አማቴን ልገድል ነው፤ ባልሰጥ ሚስት የለኝም። ሸሁ ትክክል ናቸው፣ አማቴም ትክክል ናቸው። ሁለቱም ትክክል ሲሆኑ ሙሽራ ምን ይሆናል? እኔ ሽንቴ መጣ።

በመጨረሻ ሸህ ይማም ትከሻዬን አይተው ፈገግ አሉ። «ኩታውን አምጣው» አሉኝ። የእኔን እጅ በአንድ ጫፍ፣ የአማቴን በሌላው ጫፍ ጥቅልል አድርገው አያያዙን። ሥጋ ሥጋን አልነካም፣ ልማዱም አልቀረም። ኒካሁ ታሰረ፤ ዕልልታው ቀለጠ። አማቴ ኩታውን በጣም ስለወደዱት ድግሱ እስኪያልቅ ለብሰውት ዋሉ።

ጫጉላው ሳያልቅ ተስቦ ጣለኝ። አማቴንም ጣላቸው። ከሁለታችን በቀር ከዚያ ሁሉ ሠርገኛ፣ ከእነዚያ ሲሳሳሙ ከዋሉ ሴቶች እንኳ፣ ራሱን ያመመው አልተገኘም። በማሳው ዳር ጎጆ እኔ ተኛሁ፤ አጎቴ ድነው ነበርና ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። እኔም አማቴም ስንድን ሸህ ይማም ሊጠይቁኝ መጡና፣

«አየህ፣ ኩታው መሃል ባይገባ ኖሮ ሁለታችሁም አትተርፉም ነበር» አሉኝ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ከዚያ ወዲያ ኒካህ ያለበት ሁሉ ኩታውን ሊዋስ መምጣት ጀመረ።

እግሬ ጠንቶ ሸዋ ሮቢት ገበያ ስወጣ ያንን አስተርጓሚ አገኘሁት። ሐኪሙ በእውነት ምን ብሎ እንደነበር ጠየቅሁት። ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቅማል ነው ያለው። በልብስ ነው የሚመጣው፣ ልብሳችሁን በፈላ ውሃ ቀቅሉ ነው ያለው። ታዲያ እንደዚያ ያሉ ሸህ ፊት ቆሜ ቅማል አለባችሁ ልበል? አንተ ብትሆን ትለው ነበር?»

ወላሂ፣ አልለውም ነበር።

ቤት ስደርስ አጎቴ ደጅ ተቀምጠዋል፤ ኩታው ጉልበታቸው ላይ ታጥፏል። ለማግሥቱ ኒካህ ሰው ሊወስደው ይመጣል። «እኔ ባልገኝልህ ኩታዬ አዳነህ» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አሁን እኔ ምን ልበል? ብናገር እኚህን ሰው ልገድላቸው ነው፤ ዝም ብል የነገውን ሙሽራ።

ይህን ጊዜ ዘሀራ ከጓዳ ወጣች። «አባባ፣ እንዲህ ያለ ኩታ ለሙሽራ እንደ ነገሩ አይሄድም፤ ክብር ይፈልጋል» አለችና ከጉልበታቸው አንስታ፣ እሳት ላይ ይፈላ የነበረው ትልቅ ድስት ውስጥ ከተተችው። አጎቴ በደስታ መረቋት። ቅማሉን አውቃ ይሁን ለክብሩ ብላ፣ ስንት ጊዜ ጠይቄያት ስቃ ዝም ነው።

ከዚያ ወዲያ ኩታው ሳይቀቀል ኒካህ አልሄደም፤ ደንብ ሆነ። በእሱ ተያይዞ የታመመም አልተሰማ። ሸህ ይማም ባገኙኝ ቁጥር «አላልኩህም? ይህ ኩታ ይጠብቃል» ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው፤ ምን ብዬ ልከራከራቸው?