ባልዲ ያሳደገው ስንዴ

(የጎተራ ደጅ። ሊቁ የቤቱ ባለቤት የእማማ አማች ነው፤ ሳይጠየቅ ያስረዳል። ፈዞ የሚስቱ ወንድም ነው፤ ሲያስረዱትም አይገባውም ይባላል። ሊቁ እጀታው የተገነጠለ ባልዲ አንጠልጥሎ ይቆጣል።)

ሊቁ፦ ኧረ ባዶ ባልዲ እንዴት እጀታው ይገነጠላል?

ፈዞ፦ ባዶ መች ነበር ጋሼ?

ሊቁ፦ ተወው፣ ዛሬ ቀኔን የሚያበላሽብኝ የለም። የእማማ መሬት በሙሉ ጠዋት በኔ አዲስ ስንዴ ተዘራ!

ፈዞ፦ በሙሉ? አልበቅልም፣ እምቢ ቢልስ?

ሊቁ፦ እማማ «እምቢ ካለ ፍራሽህን ተሸክመህ ትወጣለህ» ብለውኛል። ሳቅሁ። አምና ሦስት ቦታ ሞክሬው የለ? ረግረጉ ላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ድንጋያማው ላይ። ምርቱ ሦስቱም ጋ እኩል! ሌላው ዘር ዝናብ ሲያገኝ ይኮፈሳል፣ ሲያጣ ድራሹ ይጠፋል። የኔው ቦታ አይመርጥም።

ፈዞ፦ እንዳይመርጥ ስንት ለፋሁ!

ሊቁ፦ አንተ? የማሳዎቹ ዘብ ነበርክ እኮ።

ፈዞ፦ «አድልዎ እንዳይኖር፣ ሦስቱንም እኩል ያዛቸው» አላልከኝም?

ሊቁ፦ አልኩ። እኩል ማዳበሪያ፣ እኩል የአረም ነቀላ።

ፈዞ፦ እኩል ውሃም።

ሊቁ፦ (ባልዲውን ቀስ ብሎ አየው) የምን ውሃ?

ፈዞ፦ ረግረጉ ጠግቦ ኮረብታው ሲጠማ አድልዎ አይደለም? ለረግረጉ ቦይ ቀደድኩለት፣ ለኮረብታው በባልዲ አመላለስኩለት። የድንጋያማውንም ድንጋዩን ለቅሜ ጨረስኩ።

ሊቁ፦ ድንጋዩን?! እኔ ለድንጋዩ ብዬ የመረጥኩትን?

ፈዞ፦ አሳዘነኛ።

ሊቁ፦ አንተ ጉድ! የማይለዋወጠው ስንዴው ሳይሆን አንተ ነህ በለኛ!

ፈዞ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ሊቁ፦ እስከዛሬ ምነው ዝም አልክ?

ፈዞ፦ አፌን ስከፍት ማስረዳት ትጀምራለህ።

ሊቁ፦ (ድምፁን አለስልሶ) በል ወንድሜ፣ ዘንድሮም ያችኑ ውሃ ታመላልሳለህ።

ፈዞ፦ የራሴ ማሳ አለብኝ ጋሼ።

ሊቁ፦ እሱም ላይ የኔን ስንዴ አይደል የዘራኸው? ካለቅንም አብረን እናልቃለን።

ፈዞ፦ ኧረ እኔስ አሮጌውን ነው የዘራሁት።

ሊቁ፦ አሮጌውን! ለምን?

ፈዞ፦ ያንተንማ አሳድጌው የለ? አመሉን አውቀዋለሁ። (የተገነጠለውን እጀታ ከኪሱ አውጥቶ ያቀብለዋል።) እንካ ጋሼ፣ ጠግነው። ከፍራሹ ይቀላል።