ክቡር አራሚ እና ቁጥር ሠላሳ አንድ

ፈተና ያስፈራል የሚሉ ሰዎች ከፈተና ወጥተው አያውቁም። ፈተናማ ቢያንስ ዝም ይላል። ወረቀቱ ፊትህ ተቀምጦ የጻፍክለትን ሁሉ ይቀበላል፤ ብትሳሳት እንኳ ቅር አይለውም። የሚያስፈራው በሩ ላይ ነው። እዚያ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የጥያቄ ወረቀቱን ለአራት አጥፎ የሚጠብቅህ ሰው አለ። እሱ የሌለበት ክፍል አልተሠራም። ከሌለም የዚያን ቀን አሞት ነው፤ ማታ ቤትህ ድረስ ይመጣል።

የእኛ ክፍሉን ሰው "ክቡር አራሚ" እንላቸው ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናቸው፤ ግን አንቱ ካልተባሉ የሆነ ነገር ይጎድላል። ሁልጊዜ ቀድመውን ይጨርሳሉ፣ ቀድመውን ይወጣሉ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ቆመው እንደ ጉምሩክ አንድ በአንድ ያስቆሙናል።

"እስኪ፣ ሰባተኛውን ምን አልከው?"

ሰላምታቸው ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ሰላምታ ሲሰጡ የሰማ ካለ ይንገረኝ።

"ለ ነው ያልኩት።"

"ለ?" ይሉና ትንሽ ዝም ይላሉ። ያቺ ዝምታ ስንቱን ልጅ ምሳ እንዳስተወች እኔ አውቃለሁ። ቀጥለው ትከሻህን መታ መታ አድርገው "አይዞህ፣ አንዷ ብቻ ናት" ይሉሃል። እንዲህ አንዷ ብቻ፣ አንዷ ብቻ እየተባለ ሃምሳው ጥያቄ ሲያልቅ፣ አንዷ ብቻ ሃያ ሆና ቁጭ ትላለች።

ሕግም አውጥተውልን ነበር። የመልስ ወረቀቱን አስረክበን የጥያቄ ወረቀቱን ይዘን ስለምንወጣ፣ የመረጥነውን ፊደል ጥያቄው ላይም እንድናከብብ አዘዙን። ያላከበበ ልጅ በእርሳቸው ዘንድ ማስረጃ ያጠፋ ወንጀለኛ ነው። የኳስ ቡድናችን በረኛ አንድ ቀን በመስኮት ዘሎ አመለጣቸው። አውቶቡስ ውስጥ አገኙት። አጠገቡ ተቀምጠው እስከ ሠላሳ ስምንተኛው ጥያቄ ሲደርሱ ልጁ ሰፈሩን አራት ፌርማታ አልፎት ነበር። ሌላው ጥርሱን ተነቅሎ፣ አፉ ጥጥ ሞልቶ ተኝቷል። እንደ ሰው ጠያቂ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና "መናገር የለብህም፤ ሀ ከሆነ አንድ ጣት፣ ለ ከሆነ ሁለት" አሉት። ምስኪኑ ሦስት ጣት አነሣ። "አይዞህ" አሉት፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ይህን ሁሉ ችለን የኖርነው ስለማይሳሳቱ ነው። እርሳቸው ወረቀትህ ጥግ ላይ በእርሳስ የጻፉት ውጤት፣ ከሳምንት በኋላ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ከሚመጣው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ደረጃው ላይ የወደቀ ወደቀ። ሳምንቱን ተስፋ የሚያደርግ ሰው ካለ ራሱን እያሞኘ ነው።

ያን ዓመት የመጨረሻው የፊዚክስ ፈተና ለእኔ የቀልድ አልነበረም። ክፍሉን እየደገምኩ ነበር። ሌላውን ትምህርት እንደምንም ተወጥቼው ፊዚክስ ብቻ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል። እናቴ ሰባት ፎቅ ያለው የቢሮ ሕንፃ ታጸዳለች። ሳትቆጣ፣ ጓንቷን እያወለቀች ነው የነገረችኝ።

"ልጄ፣ ሁለቴ ከፈተና ጋር ታገልክ። ሦስተኛ የለም። አጎትህ ጎሚስታ ቤቱ ሰው ይፈልጋል። ካላለፍክ ሰኞ ትጀምራለህ።"

አጎቴ ደግ ሰው ነው፤ በጎማ ሥራም አላፍርም። ግን እኔ መማር እፈልግ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ፊዚክስ የሚወድቅ ልጅ እንዲህ ሲል ሰው ይስቃል። ለማለፍ ከሃምሳው ሃያ አምስቱን መመለስ ነበረብኝ። ሌት ተቀን አጠናሁ። ያጠናሁት ሁሉ ወንፊት ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ሆነብኝ እንጂ ሰንፌ አይደለም።

ፈተናው አልቆ ስወጣ አልሮጥኩም። ቀጥ ብዬ ሄጄ ወረቀቴን ሰጠኋቸው። ክቡር አራሚ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ፣ አንድ በአንድ አዩ፣ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። ጥጉ ላይ "24" ብለው ጻፉ።

"አይዞህ" አሉኝ፣ "አንዷ ብቻ ናት።"

ለመጀመሪያ ጊዜ እውነታቸውን ነበር። ለማለፍ የቀረችኝ አንዷ ብቻ ነበረች። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሌሎቹ በላዬ ተራምደው አለፉ።

ወረቀቱን ስገላብጥ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ ዓይኔ ቆመ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ሃምሳ ኪሎ የሆነ ሰው ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል። ሊፍቱ እየወረደ ነው፤ ሊቆም ስለሆነ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በሁለት ሜትር እየቀነሰ ነው። ሚዛኑ ስንት ያሳያል? እኔ ስድስት መቶ ኒውተን አልኩ። እርሳቸው አራት መቶ።

"ይህን ድጋሚ እየው" አልኳቸው። በአካል ስንገናኝ አንቱ አልላቸውም ነበር፤ አንቱታው ለሐሜት ብቻ ነው።

"በየትኛው ፎርሙላ ነው ስድስት መቶ ያልከው?"

"በጉልበቴ።"

"ምን?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቴ ባልዲ እሸከማለሁ። ሊፍቱ ከላይ መውረድ ሲጀምር ባልዲው ይቀለኛል። ምድር ሊቆም ሲል ግን ይከብደኛል፤ ጉልበቴ እጥፍ ይላል። እንዴት አራት መቶ ይሆናል?"

"ጉልበት ማስረጃ አይሆንም" አሉ። ይህን ብለው መሄድ ይችሉ ነበር። ሦስት ደረጃ ወረዱ፣ ቆሙ፣ ተመልሰው ወጡ።

"ሕንፃው የት ነው?"

በማግሥቱ ከሰዓት ክቡር አራሚ ጆንያ ተሸክመው መጡ። ጆንያው ውስጥ ከአባታቸው ፋርማሲ ያመጡት የሰው ሚዛን አለ። በሩ ላይ ጥበቃው "ምን ልትሸጡ ነው?" ብሎ አስቆመን፤ የጽዳቷ ልጅ መሆኔን ሲያይ ለቀቀን። ሊፍቱ ውስጥ ሚዛኑን አስቀምጠው እኔን ላዩ ላይ አወጡኝ፤ እርሳቸው ተንበርክከው አፍንጫቸውን መርፌው ላይ ደቀኑ። ሊፍቱ ቆሞ ሳለ አርባ ሰባት ኪሎ ነኝ። መውረድ ስንጀምር መርፌው ወደ አርባ አራት ወረደ። ምድር ሊቆም ሲል ብድግ ብሎ ሃምሳ አንድን ነካ።

"ድጋሚ" አሉ።

ድጋሚ ወረድን። አሁንም ሃምሳ አንድ። ድጋሚ። ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ጠበቃ ፋይል ታቅፋ ገባችና እኔን ሚዛን ላይ፣ እርሳቸውን መሬት ላይ አየች።

"ምን ሆናችሁ ነው ልጆች?"

"ቁጥር ሠላሳ አንድ ነው" አሏት፣ ቀና ሳይሉ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ በእግሯ ነው የወረደችው።

እናቴ ስድስተኛ ፎቅ ላይ መወልወያዋን ይዛ በሩ በተከፈተ ቁጥር ታየናለች። በአምስተኛው ዙር "ይህ ልጅ ጤነኛ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ወርደን ጥበቃው ሲያስወጣን፣ ክቡር አራሚ በራፉ ላይ ተቀምጠው ወረቀት አወጡ። ብዙ ጻፉ፣ ብዙ ሰረዙ።

"ወደ ታች ነው ብዬ ቀነስኩ" አሉ በመጨረሻ። "እየቆመ መሆኑን ዘለልኩት። መደመር ነበረበት።" የእኔን "24" በላጲስ አጥፍተው "25" ጻፉ። ቀጥለው የራሳቸውን "50" አጥፍተው "49" አደረጉ። ላጲሱን ረዘም ላለ ጊዜ ሲያሹት አየሁ።

አለፍኩ ብዬ ተኛሁ። በሳምንቱ ውጤቱ ተለጠፈ፤ የፊዚክስ መምህራችንም መልሱን አራት መቶ ብለውት ነበርና እኔ ከመቶ አርባ ስምንት፣ ወደቅኩ፤ አንዱ ጥያቄ ሁለት ነጥብ ነው። ክቡር አራሚ መቶ፣ አንደኛ። ከፊት ወንበር የምትቀመጠው፣ ዝምተኛዋ የምንላት ልጅ ዘጠና ስምንት። የሳተችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ስድስት መቶ ብላ።

እዚህ ላይ አንቱታውን እተወዋለሁ። አንቱ ስለው የቆየሁት ላሾፍበት ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው የሚሾፍበት አይደለም።

ወረቀቱን ይዞ መምህራን ማረፊያ ገባ። እኔ በር ላይ ቀረሁ።

"ቲቸር፣ ሠላሳ አንደኛው ስህተት ነው።"

መምህሩ ቀና ብለው አዩት። "አንተ መቶ አይደል እንዴ ያመጣኸው? ምን ጎደለህ?"

"አልጎደለኝም ቲቸር። ሁለት ተርፎኛል።"

ውጤቱ ለርእሰ መምህሩ ገብቷል፣ ከእንግዲህ አይነካም አሉት። እሺ ብሎ ወጣ። በማግሥቱ ተመልሶ ገባ። በሦስተኛው ቀን ቁልፋቸውን አንሥተው ሲሸሹ ደረጃው ላይ ጠበቃቸው፤ መቼም ደረጃ ላይ መጠበቅ ማን እንደሱ። እኔ "በቃ ተወው፣ ሰኞ ጎማ ቤት እገባለሁ" አልኩት። "ሰኞ ገና ነው" አለኝ።

አርብ ዕለት ጆንያውን ይዞ መጣ። መምህሩ ጆንያውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ጋዎናቸውን አወለቁ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ጫማቸውን አውልቀው እናቴ በምታጸዳው ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ወጡ። ጥበቃው ተስፋ ቆርጦ ነበር፣ አሳለፈን። ምድር ስንደርስ መምህሩ ከሚዛኑ አልወረዱም። መርፌውን እያዩ "አንድ ጊዜ ድገሙት እስኪ" አሉ። ደገምነው። ቀይ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው ያወጡት እዚያው ሊፍቱ ውስጥ ነው።

እኔ ሃምሳ። ዝምተኛዋ መቶ፣ አንደኛ። እሱ ዘጠና ስምንት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ። አባቱ "በገዛ ሚዛኔ ራስህን አቀለልክ" አሉት ይባላል።

እናቴ ወረቀቴን መወልወያዋን ሳታስቀምጥ አየችው።

"ሃምሳ ናት?"

"ሃምሳ ናት።"

"ትበቃለች" አለች፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ላመሰግነው ሄድኩ። እጄን ሳይጨብጥ "ላንተ ብዬ አይደለም። አራት መቶ ስህተት ስለሆነ ነው" አለኝና ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ከመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ስወጣ ደረጃው ላይ አስቆመኝ። ሰባተኛውን ምን እንዳልኩ ጠየቀኝ።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አለፈው። እንዲህ ያለ ሰው አሁንም በየቦታው አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ሲመጣ መንገድ ትቀይራላችሁ። እኔ አልቀይርም። ይህን ጽሑፍም ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ላክሁለት። ጠዋት ደወለ።

"አሥራ አንድ ጊዜ አይደለም የወረድነው፣ አሥራ ሁለት ነው። የመጀመሪያውን አልቆጠርክም።"

"እሺ።"

"ጠበቃዋም ከአምስተኛ ፎቅ ነው የገባችው።"

"እሺ፣ ሌላስ?"

ትንሽ ዝም አለ። ያቺ ምሳ የምታስተው የድሮዋ ዝምታ ናት።

"መጨረሻ ላይ፣ ላንተ ብዬ አይደለም አለኝ ብለሃል።"

"ብለሃል እኮ።"

"ብያለሁ" አለ። "መልሴ ግን ስህተት ነበር። አርመው።"